ከሬዲዮ የቀዳሁት አየር

ሆግላንድ እኔን ሲያናግር ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የሚያወጣቸው፤ ለሕፃን ሽሮፕ በማንኪያ እንደሚሰጥ ሰው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አናግሮኛል። እሱ መሬት ቀያሽ ነበር፣ እኔ በያጅ ነኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ማቋረጤን የነገርኩት እኔው ነኝ፣ አንድ ቀን ቢራ ላይ፣ በሞኝነቴ። ከዚያ ወዲህ መኖ ቤትም ይሁን ቀብር ላይ፣ አጋጣሚ ካገኘ በነገር ሳይወጋኝ አያልፍም። አንዷንም አልረሳሁም።

የከተማችን የተኩስ ክለብ ጸሐፊ እሱ ነው። ክለቡ ተኳሽ የሚቀበለው በአንድ ጥይት ብቻ ነው። የአደን ወቅት ሊከፈት ሲል ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ጠመንጃህ ገና ሳይሞቅ፣ ሺህ ያርድ ርቆ የቆመውን የብረት ሳህን ትመታለህ። ዘጠኝ መቶ ሜትር ከምናምን ማለት ነው። ሳህኑ የመኪና ጎማ ያህላል፤ ከዚያ ርቀት በባዶ ዓይን ግን አይታይም። በዕድል መትተህ እንዳትገባ ደግሞ፣ የጠመንጃህን መነጽር ቁልፉን እያዞርክ ስንት ጠቅታ ከፍ እንደምታደርገው ዓርብ እስከ ቀትር ካርድ ላይ ጽፈህ ለጸሐፊው ታስረክባለህ። ነፋሱን ብቻ ነው እዚያው ተኝተህ የምትወስነው። ከሳትክ የዓመት ሰው ይበለን ነው።

እኔ ደግሞ ዓመት የለኝም። የቀኝ ዓይኔ መሃሉ እየደበዘዘ ነው፤ ሐኪሙ የሚመጣውን በጋ በዚህ ዓይን አነጣጥራለሁ ብለህ አትቁጠር ብሎኛል።

አምና ቁጥሬን የገለበጥኩት ከጥይቱ ካርቶን ጀርባ ነበር፣ መቶ ሃያ ጠቅታ። ተኮስኩ። ምንም አልጮኸም፣ አቧራ እንኳ አልተነሳም። ሆግላንድ ከትልቁ መነጽሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣

«ዴልማር፣ ከድንበሩ ማዶ ነብራስካ ውስጥ ላም ከሞተች ይደውሉልሃል» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጠለና፣ «ይሄ ነገር ትምህርት ይፈልጋል፣ ወንድሜ» አለኝ። ወንድሙ አይደለሁም።

ክረምቱን ሙሉ ከቤተ መጻሕፍት ባመጣሁት አንድ የተኩስ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የጀመርኩት ለእልህ ነው፣ የቀጠልኩት ግን ስለጣመኝ ነው። አረር ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ እስኪደክመው ድረስ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከአፈሙዙ እንደወጣ መውደቅ ይጀምራል! እኛ አፈሙዙን ቀና እያደረግን ወደ ላይ እንወረውረዋለን እንጂ ቀጥ ያለ መንገድ የሚባል የለውም። ደግሞ እየተሽከረከረ ስለሚበር፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን እንኳ ሺህ ያርድ ሲደርስ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ይሄን ያነበብኩ ዕለት የሰው በር እየበየድኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ባለቤቱ አሞህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ አየሩ ነው። አየር ይከብዳል። ከባድ አየር አረሩን ይይዘዋል፣ ቀላል አየር ይለቀዋል። ስለዚህ ስልኬ ላይ የጫንኩት ማስያ የአየር ግፊት አስገባ ይለኛል። የእኛ ሬዲዮ ጠዋት ጠዋት ከከብት ዋጋ ቀጥሎ ይናገረዋል፤ አንድ ቀን ሠላሳ፣ አንድ ቀን ሠላሳ ነጥብ አንድ። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳላስተጓጉል ደብተር ላይ ጻፍኩት። ማስያው አስልቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? መቶ ሃያ። ልክ እንደ ካርቶኑ! ሁለት ምስክር አንድ ቃል ሲናገር ማን ይጠራጠራል? እንግዲያውስ አምና ያሳተኝ ነፋሱ ነው አልኩ።

መሬቴ እስከ አጥሩ አራት መቶ ያርድ ብቻ ስለሆነ ልምምዴ እሱ ላይ ነበር። እዚያ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይመታል። ትንፋሼን ወቀስኩ። ጥይቱንም ወቀስኩ፤ የሸጠልኝ የሆግላንድ የእህት ልጅ ነዋ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ካርዴን ሰጠሁት። ሆግላንድ አየውና፣

«መቶ ሃያ። እርግጠኛ ነህ?» አለ።

«ማንበብ አቃተህ እንዴ?»

ትከሻውን ነቅንቆ ፖስታው ውስጥ ከተተው።

ከሰዓት በኋላ ላቮን ዘንድ ሄድኩ። ላቮን በትንሽ አውሮፕላን የሰው ማሳ ላይ መድኃኒት ስትረጭ ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ የአውሮፕላን መጋዘኗ በር ማጠፊያው ተሰብሮ ልበይድላት ነው። ሥራዬን ስጨርስ አውሮፕላኑ ውስጥ አንገቴን አስገባሁ። ከፍታ በሚለካው፣ ሰዓት በሚመስለው መሣሪያ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፣ ውስጧ ሠላሳ ነጥብ አንድ ይላል።

«ይሄን ቁጥር አውቀዋለሁ፣ የዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ነው» አልኳት ኮራ ብዬ።

«አዎ። እዚህ ያለው አየር ግን እሱ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?»

«ና ወዲህ» ብላ ግድግዳው ላይ ወዳለው የአየር መለኪያ ወሰደችኝ። ሃያ አራት ይላል።

«ተበላሽቷል?»

«አንተ ነህ የተበላሸኸው። ስማ፣ እኛ ያለነው ስድስት ሺህ ጫማ ላይ ነው። የሬዲዮው ሰውዬ ከከተማችን ሥር እስከ ባሕር ወለል ድረስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቢሆን ኖሮ፣ የጉድጓዱ ግርጌ ላይ አየሩ ስንት ይከብድ ነበር የሚለውን ነው የሚነግርህ።»

«የሌለ ጉድጓድ?»

«የሌለ ጉድጓድ። ያለዚያ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ሁሉ፣ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል፣ አውሎ ነፋስ የመጣበት ይመስላቸዋል፣ አገር ከአገር ማወዳደር አይችሉም። ለመሆኑ ምን ልታደርግበት ነው?»

ስልኬን አወጣሁ። ሃያ አራት አስገባሁ። መቶ ሦስት አለኝ። የካርቶኑም ቁጥር ቢሆን ባሕር ዳር ላለ ሰው የተሠራ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለቱ ምስክሮቼ አንድ ውሸት ነበር የሚናገሩት። ልዩነቱ አሥራ ሰባት ጠቅታ ነው፤ እዚያ ርቀት ላይ ከሳህኑ በላይ አንድ ሜትር ተኩል።

ካርዱ ግን ገብቷል። የክለቡ ደንብ ያስገባኸውን ቁጥር መለወጥ የሚፈቅደው በአንድ መንገድ ነው፦ ከመተኮስህ በፊት ሰው ሁሉ ፊት ቆመህ የት እንደተሳሳትክ ትናገራለህ፣ ጸሐፊው ካመነበት ይለውጥልሃል። በሆግላንድ ፊት ተሳሳትኩ ከምል ካርዱን ብበላው ይሻለኝ ነበር። መንገዱን ሙሉ አልናገርም አልናገርም እያልኩ ነዳሁ። ቤት ስደርስ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። በመቶ ሃያ ብተኩስ እስታለሁ፣ እሱስ ይሁን። ያ የሌለ ጉድጓድ እውነት መሆኑን ግን በመቶ ሦስት ካልተኮስኩ እንዴት ብዬ አውቃለሁ?

ቅዳሜ ጠዋት የተኩስ መስመሩ ላይ አሥራ አምስት ሰው ያህል ቆሟል። ተራዬ ሲደርስ፣

«ሆግላንድ፣ ካርዴን መልስልኝ» አልኩ።

«ምክንያት?»

ተናገርኩ። ሬዲዮውን፣ የአራት ወሩን ደብተር፣ ካርቶኑን፣ ጉድጓዱን፣ አንድም ሳላስቀር። ሽማግሌው ፐርቪስ ከኋላ፣ «አራት ወር ሙሉ በባሕር አየር! ዓሣ አጠመድክበት እንዴ?» አለና ሁሉም ሳቁ። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

ሆግላንድ አልሳቀም። «አዲሱ ቁጥር?»

«መቶ ሦስት።»

አሮጌውን ሰርዞ ጻፈው። «ትናንት ገና ሳየው ነው ያወቅሁት። እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬህ ነበር እኮ።»

«እንደ ሰው አልጠየቅከኝም።»

«እንደ ምን ጠየቅሁህ ታዲያ?»

«እንደ ሆግላንድ» ብሎ ፐርቪስ መለሰልኝ፤ አሁን ደግሞ ሳቁ በሆግላንድ ላይ ሆነ።

ተኛሁ። መቶ ሦስት ጠቅታ ቆጠርኩ። ነፋሱ ከግራ ነበር፤ የሳሩን አተኛኘት አየሁና ወደ ግራ አሥራ ሁለት ጠቅታ ጨመርኩ፣ ለሽክርክሪቱ ደግሞ ሁለት። ትንፋሼን ግማሽ አወጣሁና ምላጩን ሳብኩ።

ከተኩሱ በኋላ ያለው ዝምታ ረጅም ነው። አረሩ እስኪደርስ፣ ከዚያ ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ። አንድ አልኩ። ሁለት። ሦስት። አራት ልል አፌን ስከፍት ብረቱ ጮኸ።

ሆግላንድ መነጽሩ ላይ ተደፍቶ ቆየ።

«ከፍታው ልክ መሃል ላይ ነው» አለ በመጨረሻ። «በጎን ግን የቀኙን ጠርዝ ነው የላጠው። ትንሽ ቢጨምር አልፎት ነበር።»

ስሜን መዝገቡ ላይ ሲያሰፍር አየሁት። ከአምና ጀምሮ አዘጋጅቼ ያስቀመጥኩት ስድብ ነበረኝ፣ ጥሩ ስድብ፤ ግን «የቀኙን ጠርዝ» ያለው ነገር ሰላም ነሳኝ።

«ለምን ቀኝ? ነፋሱን አሳንሼው ነው ወይስ ሽክርክሪቱን?»

«ነፋሱን ይመስለኛል። መሃል ላይ ያለችውን ሸለቆ አየሃት? እሷ ሁልጊዜ ታታልለኛለች። ና እስቲ ተመልከት» ብሎ ከመነጽሩ ፈቀቅ አለልኝ።

በደህናው ዓይኔ አየሁ። እኛ አጠገብ ያለው ሳር ወደ ቀኝ ተኝቷል፣ ሳህኑ ዘንድ ያለውም እንደዚያው። የሸለቆዋ ግን ወደ እኛ ነው የተኛው።

«ወደ እኛ? ነፋሱ ከግራ ሆኖ እንዴት?»

«አሥራ አንድ ዓመት አየሁት፣ አላውቅም» አለ ሆግላንድ።

«ታዲያ አንድ ልተኩስና አንተ ሳሩን እያየህ አረሩ ወዴት እንደሚገፋ ንገረኝ» አልኩት፣ ጠመንጃዬን ጥይት እያጎረስኩ።