ከዘፈኑ የወጣው ኦፓሞ

ኦዶላ በዚያን ቀን መናደድ የጀመረው ገና በማለዳ ነበር። ከዘይት ቆርቆሮ በገዛ እጁ የሠራውን ቶም የተባለ የጣት ሙዚቃ መሣሪያ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ከአሮጌ ጃንጥላ የነቀላቸውን ስምንት ሽቦዎች በአውራ ጣቶቹ እየነካ ሲቃኝ፣ አጁሉ የተባለችው አሮጊት መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ሰላምታ አልሰጠችውም።

«ልጄን የት አደረስከው?» አለችው።

ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባው አልቀረም። በባሮ ዳር ባሉ የአኙዋ መንደሮች ዘፈን ስም ይሸከማል፤ አንድ ጊዜ በስንኝ የገባ ሰው ከዚያ አይነሣም። የአጁሉን ልጅ ኦፓሞን ከሃያ ዓመት በፊት አዞ ሲወስደው አጥንቱ እንኳ አልተገኘም ነበር። የኦዶላ አባት ያን ጊዜ ስሙን በዓሣ አጥማጆች ዘፈን ውስጥ አኖረለት። እናቲቱ ሌላ መቃብር አታውቅም። አሁን ኦዶላ ያንን ዘፈን አፋጥኖ፣ አሳጥሮ፣ በአዲስ መልክ ሲጫወተው የኦፓሞ ስንኝ የለበትም።

ኦዶላ ብዙ ተናገረ። የአባቱ ቶም የእንጨት እንደነበር፣ ያ ስንኝ ወፍራም ድምፅ እንደሚሻ፣ ቆርቆሮው ግን ወፍራም ድምፅ ሲነካ እንደሚንኳኳ አስረዳት። ሽማግሌዎች ቆርቆሮ ቀጥቃጭ እያሉ ሲዘባበቱበት እርሷም አብራ መሳቋን አስታወሳት።

«እኔ ባላነሣው ይሄ ዘፈን ከአባቴ ጋር ተቀብሮ ነበር፣ እማማ አጁሉ።»

«ይቀበር ነበራ። ከነልጄ።»

«እንግዲያው ሂጂና አዞውን ጠይቂው!»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሊመልሰው ወደደ፤ ቁጣው ግን አንገቱን አደነደነው። አሮጊቷ አላለቀሰችም። በዚያ ቀን ከሰዓት ኦዶላ ወደሚጫወትበት የጭፈራ ሜዳ ሄዳ፣ መሐል ላይ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሐዘንተኛን እየዞረ የሚጨፍር ማን አለ?

ከሰዓት በኋላ ከሦስት መንደር የመጡ ወጣቶች ሜዳውን ከበው ቆሙ። አንዳንዶቹ እንድትነሣ ለመኗት፤ እግሯን ይበልጥ ዘረጋች። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ኦዶላ አዞሩ።

«ቆርቆሮህን ለአሮጊቷ ድስት ክዳን አድርግላትና ትነሣልን» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

ያ ሳቅ ኦዶላን አቃጠለው። ይበልጥ ያቃጠለው ግን እርሱ ራሱ የሚያውቀው ነገር ነበር፤ ጥፋቱ የቆርቆሮው አልነበረም። ሽቦ መጨመር ይችል ነበር። ስንኙን የጣለው ቀርፋፋ ስለሆነ፣ እዚያ ሲደረስ የጨፋሪው እግር ስለሚቆም ነበር። የሞተውን ሰው ለእነዚህ እግሮች ሲል አውጥቶ ጥሎታል።

ፒንሳውን አነሣ። ከተሰበረ ብስክሌት ወፍራም ሽቦ ቆርጦ፣ ጣቱ እስኪደማ ድረስ እየታገለ ዘጠነኛ አድርጎ ተከለው። ከዚያም በሜዳው መሐል፣ ከአጁሉ ፊት ተቀምጦ ጀመረ። እርሷ ባትነሣም ወጣቶቹ ዜማው ስቧቸው መዝለል ጀመሩ። ስንኙ ዘንድ ሲደርስ ቆርቆሮው እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ፤ እግሮች ተወነባበዱ፤ ፉጨትና ስድብ ተነሣ። ኦዶላ ጥርሱን ነክሶ ዘፈነው፦ ኦፓሞ፣ የአጁሉ ልጅ፣ ታንኳውን በማለዳ የሚገፋ።

አሮጊቷ ቀና አለች። «ቀስ በል» አለችው። «እሱ አይቸኩልም ነበር።»

ኦዶላ ከመጀመሪያው አነሣው፤ አሁን አባቱ ይዘፍነው በነበረው ዝግታ። ወጣቶቹ እያጉረመረሙ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ወንዙ ወረዱ። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄደውን እያንዳንዱን ባየ ቁጥር ቁጣው ይነድ ነበር፤ እጁን ግን አላቆመም። ሜዳው ባዶ ሆነ።

«ድገመው» አለችው።

ደገመው።