ማሽን አያስብም

ባለቤቴ ፕሮግራመር ነው። ሌላው ሰው በትርፍ ጊዜው ኳስ ያያል፤ እሱ የቆዩ የኮምፒውተር ሳይንስ መጻሕፍት ይሰበስባል። ትንሿን ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ሞልተዋታል። አንዳንዱን መጽሐፍ በሦስት እትም ገዝቶታል። ለምን ስለው፣ "የመጀመሪያው ስህተት በሁለተኛው ታርሟል፣ በሦስተኛው ደግሞ አዲስ ገብቷል" ይለኛል፤ ስለ ልጆቹ ጠባይ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ከሁሉም የሚያከብረው አንዱን ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ዛሬም በሕይወት ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ስህተት ያገኘባቸውን ሰው አይቀየሙም፤ እንዲያውም ቀድሞ የጠቆማቸውን በሚቀጥለው እትም መጨረሻ ገጽ ላይ በስሙ ያመሰግኑታል። ባለቤቴ እዚያ ገጽ ላይ እወጣለሁ ሲል ጠጉሩ ሸበተ። በጻፈ ቁጥር መልስ ያገኛል፦ "ሌላ ሰው ቀድሞዎታል"፤ ወይም "ስህተት አይደለም፣ እንደገና ያንብቡት"። አንዴማ ትርፍ ነጥብ አገኘሁ ብሎ ጻፈላቸው፤ ነጥቡን የጣለችው ዝንብ ነበረች።

እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ከእኛ ጋር ልትኖር ሆነ። ከትንሿ ክፍል ሌላ ቦታ የለንም። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ተዋዋልን። እናቴ ከመምጣቷ በፊት አንድ ስህተት ካገኘና ሽማግሌው ካመኑለት መጻሕፍቱ ይቆያሉ፣ እናቴ ሳሎን ትተኛለች። ካላገኘ ሁሉም ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴው። ቅንጣት ታህል ሳልሰጋ ነው የተስማማሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ያጣውን አሁን ከየት ያመጣዋል?

እናቴ በመጪው ቅዳሜ ልትመጣ፣ እሁድ ከሰዓት ላይ ሁለተኛውን ቅጽ ይዞ ጠረጴዛው ጋ ጠራኝ።

"እስቲ ማሽን ሁኚልኝ።"

የቤታችን ልማድ ነው። እሱ የመጽሐፉን መመሪያ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ በተባልኩት መሠረት ማንኪያዎችን ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፋለሁ። ማሽን አያስብም፣ የታዘዘውን ብቻ ይሠራል ይለኛል። እኔ ግን ቶሎ ጨርሼ ለመነሳት ሁልጊዜ እያሰብኩ እረዳው ነበር።

የዚያን ቀን ግን ደሜ ፈልቷል። ያመጣሁት ካርቶን ሁሉ ባዶውን ተገትሯል፣ አንድ መጽሐፍ አልገባበትም። ማሽን ከፈለገ ማሽን ያገኛል አልኩ በሆዴ።

"ሁለተኛውን ማንኪያ አንሺ። በግራው ካሉት ጋር እያስተያየሽ ቦታው ላይ አስገቢው" ብሎ አነበበ። አስገባሁ። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም እንዲሁ።

"ከመጨረሻው በፊት ያለውን ስታስገቢ አብቂ" ይላል መጽሐፉ።

አበቃሁ፤ እጄንም አጣጠፍኩ። ከሁሉም የምታንሰው የስኳር ማንኪያ ከጭልፋው ቀጥላ መጨረሻ ላይ ተጋድማ ቀረች።

ባለቤቴ ሳይታወቀው እጁን ዘርግቶ ወደ ፊት ሊያመጣት ሆነ። ያንን ገጽ ዕድሜውን ሙሉ ያነበበው እንዲህ ነው፣ መጽሐፉ የዘለለውን ራሱ እየሞላ። ዝም ብል እናቴ ክፍሏን ታገኛለች። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

"እጅህን ሰብስብ!" አልኩት። "እሷን አንሺ አላለኝም።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ማንኪያዋን አየ፣ መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ።

"አላለሽም" አለ ቀስ ብሎ። "እውነትሽን ነው፣ አላለሽም።"

እሱ ለመጻፍ ሲሮጥ እኔ ማንኪያ እየለቀምኩ ቀረሁ። እናቴን በገዛ አፌ ሳሎን አስተኛኋት ብዬ ራሴን ረገምኩ።

መልሱ ሐሙስ መጣ። "ትክክል ነው። እስከዛሬ ማንም አልጠቆመኝም። ማንን ላመስግን?" ይላል። ባለቤቴ ቆሞ አነበበው፣ የሆነ ነገር ጽፎ ላከ፣ ኮምፒውተሩን ዘጋ። ጭፈራውን ላለማየት ወጥ ቤት ገባሁ። ቤቱ ጭጭ ሲልብኝ ወጣሁ። ትንሿ ክፍል ወለል ላይ ተንበርክኮ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ይከታል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"እናትሽ ቅዳሜ ትመጣ የለ?"

"አምነውልህ የለም እንዴ!"

"ውላችን እኔ ካገኘሁ ነበር። ያገኘሽው አንቺ ነሽ" አለ ቀና ሳይል። "እሳቸውም የሚያመሰግኑት አንቺን ነው፤ ስምሽን ልኬያለሁ።"

ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ ያቃጥለኛል እንጂ እወደዋለሁ።

ሳሎን ሄጄ የቡፌውን መስታወት ከፈትኩ። ለሠርጋችን የተሰጡን፣ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች አሉ። አንድ በአንድ እያወጣሁ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። ለአራት ወፍራም መጽሐፍ የሚበቃ ቦታ ወጣው፤ ከዚያ አያልፍም። ሌላው ለነጋዴው ይሂድ።

ተከትሎኝ መጥቶ በር ላይ ቆመ። "አንቺስ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ማሽን አያስብም" አልኩት። "የመጀመሪያውን ቅጽ አቀብለኝ።"

ዓይኑ እንባ ሞልቶ ስለነበር ሁለተኛውን አቀበለኝ። አንደኛውን ነው ያልኩህ ብዬ ቅጹን መለስኩለት።