የክንዱ ጠባሳ

ጣሊያን መተማ ላይ መንገድ የሚሠሩለትን ሁሉ አሰልፎ የፈንጣጣ ክትባት በወጋ ዕለት፣ አየሁሽ ባሏን አለነን ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ወንድሙ ውባንተ አርማጭሆ ዱር ገብቷል። በቀደም «ክንዱ ላይ የጣሊያን ጠባሳ ያየሁበትን፣ ወንድሜም ቢሆን አልምረውም» ብሎ ልኮባቸዋል። ምን ታድርግ? እባብ እንደነደፈው ሰው ክትባቱን ከክንዱ ላይ በአፏ መጥጣ ተፋችው፤ ጭረቱንም በአረቄ ደጋግማ አጠበችው። ምልክት ሳይተው ደረቀ። እፎይ አለች።

በሁለተኛው ወር ፈንጣጣ ሠራተኞቹ ሰፈር ገባ። ክትባቱ ክንዳቸው ላይ ያመረቀዘባቸው ሁሉ ተረፉ። አለነ ግን መልኩ እስኪጠፋ ወጥቶበት በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ውባንተ ተደብቆ ለለቅሶ መጣ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ሲደቃ እጅጌው ተሰበሰበ። ክንዱ ላይ ክብ ጠባሳ አለ።

አየሁሽ እጁን ያዘችው። «ይኸ ምንድን ነው?»

«ይኸማ የእንግሊዝ ነው» አላት። «ሱዳን የተሻገርን ጊዜ ሁላችንንም ወጉን።»

ይህን ብሎ እንባውን በዚያው ክንዱ ጠረገ።