የተሸነፈ ሰው የት ይቀመጣል

ሽፈራው በኢትዮጵያውያን ማኅበሩ ምርጫ ተሸንፎ አንጀቱ እርር ብሏል። ስንት ዘመን የመራውን ማኅበር! ያውም በማን? አሜሪካ መጥታ ኮሎምበስ ከተማ ስትገባ ኤርፖርት ሄዶ ራሱ በተቀበላት በማራናታ። ከከተማው ዳር ደብሊን ሰፈር ያሉት የራሳቸው ቅርንጫፍ ይኑራቸው፣ ዋይትሆል ያሉትም የራሳቸው ስትል፣ ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ መረጣት። ለሽፈራው ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ቢሮ ካልተያዘ ማኅበር አይመስለውም።

እኛ ዘንድ የተሸነፈ ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ሌላ ማኅበር ያቋቁማል። ጓደኛው ጎሳዬም ጊዜ አላጠፋም። «ፍራንክሊንተን ሰፈር የሚከራይ አዳራሽ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ከክላስህ በኋላ ውሉን እንፈራረም» አለው። ሽፈራው እሺ አለ።

ቅዳሜ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁትን ሲያስተምር ተራው የአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ፓርቲዎች ነበር። የኮቪድ ማስኩን ዝቅ አድርጎ፣ «ፌዴራሊስቶቹ ማዕከላዊው መንግሥት ይጠንክር፣ ብሔራዊ ባንክ ይኑር፣ ንግድ ይስፋፋ አሉ። እነጄፈርሰን ደግሞ፣ የለም፣ ሥልጣኑ ለየስቴቱ ይሁን፣ ገበሬው ይደመጥ አሉ» ብሎ፣ ለፌዴራሊስቶቹ ትንሽ እያዳላ አስረዳ። «በፈረንጆቹ 1800 በተደረገው ምርጫ ፌዴራሊስቶቹ ተሸነፉ።»

እትዬ ላቀች እጃቸውን አወጡ። የልጅ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ የከረሙ፣ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው።

«ታሰሩ?»

«አልታሰሩም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሌላ አገር አቋቋሙ?»

ክፍሉ ሳቀ። ሽፈራው ሳቅ አልመጣለትም። «አላቋቋሙም» አለ ቀስ ብሎ። «ፕሬዚዳንታቸው ጄፈርሰን ቃለ መሐላ በሚፈጽምበት ቀን ጎህ ሳይቀድ ከተማውን ጥሎ ሄደ። ሌሎቹ ግን እዚያው ምክር ቤት ተቀምጠው ሲሟገቱ ኖሩ።»

«ተሸንፈው?»

«ተሸንፈው።»

«ወይ ጉድ፤ እንዴት አስቻላቸው፣ ልጄ?»

ሽፈራው ሰዓቱን አይቶ ክላሱን ዘጋ።

ጎሳዬ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀው ነበር።

«አልፈርምም» አለው ሽፈራው።

«ፈራህ?»

«አፈርኩ። ይሄኛውንስ ያቋቋምነው ከሌላ ማኅበር ተገንጥለን አይደል? እስከ መቼ?»

ጎሳዬ ሳይሰናበተው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስልኩንም አላነሳለትም፤ ሽፈራው በዚህ በጣም አዘነ።

በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ማራናታ ስብሰባውን ስትመራ ሽፈራው ኋላ ተቀመጠ። የቅርንጫፎቹ ጉዳይ ሲነሳ እጁን አወጣ።

«ጋሼ ሽፈራው፣ ይናገሩ» አለች።

ማኅበሩ እንዳይበታተን እሰጋለሁ ብሎ ሐሳቡን ሳያለዝብ ተናገረ። ሰዉ በጸጥታ ሰማው። ቮት ሲደረግ ከእሱ ጋር እጃቸውን ያወጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ተነስቶ መውጣት አማረው፤ በሩ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው።

«ሌላ ጥያቄ ያለው?» አለች ማራናታ።

ሽፈራው እንደገና እጁን አወጣ። «የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ነው?» አለ።