የኮምፔንሳቶው ላፕቶፕ

ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ሞዴሉ ገብቶ ሳምንት ሳይቀመጥ ዕቃው አይገባም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አርባ ዓመት በአናጢነት ስሠራ፣ አልጋም ይሁን ቁም ሳጥን፣ መጀመሪያ በካርቶን ወይም በርካሽ ጣውላ ልኩን አበጅቼ ደንበኛው ቤት አስቀምጣለሁ። ሰውየው ይዞረዋል፣ ጉልበቱን ያጋጫል፣ ሚስቱ ትቆጣለች፣ በሳምንቱ ደግሞ "ትንሽ ጠበብ አድርገው" ይሉኛል። ደህናው እንጨት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ አሠራር አንድም ዕቃ ተመልሶብኝ አያውቅም። ልጆቼ፣ እንዲህ ስላችሁ የምመካ አይምሰላችሁ። መመካቱ አሁን በምነግራችሁ ነገር ወጥቶልኛል።

የልጅ ልጄን ሚጢጢ ነው የምንላት። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ደርሷል፣ ቁመቷም ከኔ ይበልጣል፣ ስሙ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ተጣብቆባት ቀረ። ትምህርቷን ጨርሳ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ስትፈልግ ጫማ ጨረሰች። አንድ ረቡዕ ፊቷ በርቶ መጣች። አንድ መሥሪያ ቤት፣ የስብሰባ ቅጂ እየሰማች ቤቷ ሆና በጽሑፍ እንድትገለብጥ ሊቀጥራት ነው። የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ የራሷን ላፕቶፕ ይዛ ቢሮ እንድትቀርብ። ካልቀረበች ቦታው ከሷ ቀጥሎ ለተመዘገበው ሰው ይሰጣል።

ገንዘቡን አዋጣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አውቶቡስ የሚነዳው ልጄ፣ ደግሞ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እኛው ዘንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እታለም። ባለቤቴ ፖስታ ውስጥ ከታ አሸገችውና "ከዚህ በላይ ሰማይ ቢደፋ የለም" አለች። ሁሉም ካዋጣ ደግሞ የሁሉም ነው ተባለ። የሚጢጢ መሆኑ ቀረና የቤተሰብ ላፕቶፕ ሆነ። የቤተሰብ ከሆነ ሞዴል ያስፈልገዋል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሜትሬን ይዤ ኮምፒውተር ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው።

"ምን ልርዳዎት አባቴ?"

"ልለካ ነው የመጣሁት።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

ትንሽ አየኝና ወንበሩ ላይ ተመለሰ። ወርዱን ለካሁ፣ ቁመቱን ለካሁ፣ ውፍረቱን ለካሁ፣ ክዳኑ ሲከፈት ወደ ኋላ እስከ የት እንደሚተኛም ያዝኩ። ሻጩ አላስቻለውም።

"ፕሮሰሰሩንስ አይጠይቁም? ሜሞሪውንስ?"

"እሱ ውስጥ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ውስጥ ነው።"

"ውስጡ የትም አይሄድ፤ መጀመሪያ ጠረጴዛችን ላይ ይግባ" አልኩት።

ከኮምፔንሳቶ ሠራሁት። ክዳኑን በትንንሽ ማጠፊያ አያያዝኩ፤ ክብደቱ እንዲመጣ ከሥሩ የብረት ቁራጭ ቀበርኩበት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆርጬ በኮላ ለጠፍኩ፣ ፊደሉን ሚጢጢ በእስክሪብቶ ጻፈችባቸው። ቬርኒሹ ሲደርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነውና ዙሪያውን ቆመን አየነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያምር ነበር።

ባለቤቴ ተራ አወጣች። የሚጢጢ ሰዓት ከቁርስ በኋላ፣ የእታለም ከምሳ በኋላ፣ የልጄ ከሥራ መልስ። ልጄ የመጀመሪያ ቀን ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ቁጭ አለና ኮምፔንሳቶውን አፍጥጦ ማየት ጀመረ።

"ምንድነው የምታየው?" አልኩት።

"ኳስ።"

"ማን እየመራ ነው?"

"ገና አልተጀመረም። ቦታዬን ካሁኑ ካልያዝኩ ግን ኋላ ማን ይሰጠኛል?"

እታለም ደግሞ ሌላ ከተማ ያለችውን የልጇን ፎቶ ስክሪኑ ላይ በፕላስተር ለጥፋ በየቀኑ ታወራታለች። አንድ ቀን አዝና ተነሳች።

"ከስታለች" አለችኝ።

"እታለም፣ ፎቶው እኮ የአምስት ዓመት ነው።"

"ያኔም ከስታ ነበር፤ ልብ ያላት ሰው ጠፍቶ ነው።"

ባለቤቴ ለመክፈቱ ግድ አልነበራትም፣ የሷ ጭንቀት መዝጋቱ ነው። ልብስ ሰፍታ አለበሰችው፤ አጠገቡ መጠጥ የሚባል ነገር እንዳይደርስ ከለከለች። ልጄ አንድ ቀን ብርጭቆ ውሃ አጠገቡ ቢያስቀምጥ ከእጁ ነጠቀችው።

"ቢደፋበትስ?"

"እማዬ፣ እንጨት እኮ ነው።"

"ዛሬ እንጨት ነው። ነገ ልማድ ሆኖ ይቀርብሃል።"

ቅሬታው ቀስ በቀስ መጣ። ለልጄ ስክሪኑ ጠበበው፣ ኳሷ አትታየኝም አለ። ሰፋ ያለ ሠራሁለት። እሱን ደግሞ እታለም ስታነሳው ወገቤን አለች፤ ብረቱን አውጥቼ፣ ጣውላውን በመላጊያ አሳስቼ ቀለል ያለ ሠራሁላት። ያ ደግሞ ወርዱ ከባለቤቴ መደርደሪያ ውስጥ አልገባም። ጠበብ ያለ ሠራሁ። በሁለተኛው ሐሙስ ቤታችን ውስጥ አራት ላፕቶፕ ነበረ፤ አንዱም አይበራም፤ ሁላችንም ግን በየፊናችን እንከራከርላቸዋለን። ልጄ የእታለምን "ቀርፋፋ ነው" ብሎ እስከ መስደብ ደርሶ ነበር።

ሚጢጢ ብቻ አልተከራከረችም። ሰዓቷ ሲደርስ ከመጀመሪያው ሞዴል ፊት ትቀመጣለች፣ የስልኳን ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ትሰካለች፣ ወሬ እየሰማች እንጨቱን ትመታለች። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። የሌሎቻችን ተራ ሲያልቅም ተመልሳ ትቀመጣለች። ጎበዝ ልጅ ናት እያልኩ አልፋታለሁ።

ዓርብ ጠዋት ደጅ ድረስ ተከትላኝ ወጣች።

"አባባ፣ ሰኞ እኮ ደረሰ።"

"ደረሰ ልጄ። አራተኛው ሞዴል ግን ገና ትናንት ገባ። ሳምንቱን የሚሞላው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው።"

"ሰኞ ከሐሙስ ይቀድማል፣ አባባ።"

"ይቀድማል" አልኳት።

ይህን ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እስቲ አሁን እኔን ምን ትሉኛላችሁ? ሕጉን አይቼ ልጅቷን አላየኋት።

ቅዳሜ ለማንኛውም ሱቁን እንየው ተባለና በየብብታችን ሞዴላችንን ይዘን ወጣን። እሁድ ሱቁ ዝግ ነው፤ ስለዚህ የሚገዛ ከሆነ ያችኑ ቀን ነው። ሻጩ ሲያየን መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አደረገ። ፖስታችን የሚችላቸውን ሦስት ላፕቶፖች አውጥቶ ደረደረ፤ እኛም የኛን አራቱን ከጎናቸው ደረደርን።

"ይሄ ከኛው ያነሰ ነው" አለ ልጄ።

"የናንተው ግን አይበራም" አለው ሻጩ።

"መብራቱን ተወውና ስፋቱን ነው የምልህ።"

እታለም ሁለተኛውን አንስታ መለሰችው። "ይሄ ይከብዳል።"

"ባትሪ ስላለው ነው እናቴ።"

"የኛው ያለ ባትሪ ይኸው ስንት ቀን ሰነበተ።"

ባለቤቴ ሦስተኛውን በጣቷ ቆረቆረችው። "ቢወድቅ ምን ይሆናል?"

"ይሰበራል።"

"የኛው ሁለቴ ወድቋል።"

ሻጩ የኔን ሥራ አነሳና ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገው። "ማጠፊያው ግን ጥሩ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይሄኔ ከኋላችን የቆመች ሴትዮ በትከሻዬ በኩል አንገቷን አስግጋ "ይሄ ቡናማው ስንት ጂቢ ነው?" አለች።

"እስካሁን ሞልቶብን አያውቅም" አላት ልጄ።

ከዚያ ባለቤቴ ድምፅ ይሰጥ አለች። ከሱቁ መሐል ቆመን እጅ አወጣን። ለሱቁ ላፕቶፕ የወጣ እጅ አልነበረም፤ ለኛዎቹ አራት እጅ ወጣ፣ አንዱ የኔ ነው። ሐሙስ ሞዴሉ ሳምንቱን ሲጨርስ ተመልሰን እንመጣለን ተባለ፣ ፖስታው ባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ገባ። ሻጩም ሐሙስ ሱቁ ክፍት መሆኑን በትሕትና ነገረን።

ሚጢጢ እጇን አላወጣችም። ዳር ያለው መደርደሪያ ጋ ቆማ፣ ክዳኑ የተፋፋቀ ያገለገለ ላፕቶፕ ከፍታ ቁልፎቹን በሁለት አውራ ጣቶቿ ትነካካለች። በሁለቱ ብቻ። ቤት ውስጥ አሥሩም ጣቶቿ ሲሮጡ ነበር የማውቀው። ቀረብ አልኩ።

"ሌሎቹ ጣቶችሽ የት ሄዱ?"

እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ያዝኩና ገለበጥኩት። ጫፍ ጫፋቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ያልተጠቀለለው አንዱ ቀልቷል፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ስንጥር ይታያል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቁልፎቹ ትንሽ ይሻክራሉ" አለች። "ምንም አይደል። ሥራው ፍጥነት ይጠይቃል፣ ሰኞ ይፈትኑኛል ብዬ ነው። እርስዎ ስንት ቀን የደከሙበትን ደግሞ ምን ብዬ ላማርር?"

ልጆቼ፣ አናጢ አርባ ዓመት ሠርቶ የዕቃ ጠርዝ ሳያለሰልስ ያወጣል? እኔ አወጣሁ። ትንንሽ ናቸው ብዬ ብርጭቆ ወረቀት ሳላስነካቸው ለጠፍኳቸው። የገዛ የልጅ ልጄ ደግሞ ሳምንት ሙሉ በጣቷ ስታለሰልስልኝ ኖራለች።

እዚያው ቆሜ ነገሩን ገለባበጥኩት። ሞዴል የሚሠራው ሰው እንዲገለገልበት ነው። እኛ አራታችን ምን ተገለገልንበት? ኳስ ያየ የለም፤ ከልጇ ጋር ያወራችም የለችም። እኔማ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩበትም፣ ስሠራ ነው የከረምኩት። በዚያ እንጨት ላይ የሠራች አንዲት ሰው ናት።

"ፖስታውን አምጪው" አልኳት ባለቤቴን።

"ሐሙስ ተባለ እኮ።"

"አምጪው አንቺ።"

ለሚጢጢ እጇ ላይ አደረግሁላት፣ ቀስ ብዬ፣ እንዳያማት። "የምትሠሪበትን ግዢ። እኛ ውጭ ነን።"

"አባዬ፣ ድምፅ ተሰጥቶ የለም እንዴ?" አለ ልጄ።

"ድምፅ የሚሰጠው ጣቱ የቆሰለ ነው።"

ልጄ የራሱን ጣቶች አገላብጦ አያቸው።

ውጭ ወጥተን እግረኛ መንገዱ ላይ ተደረደርን፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ እንጨት ታቅፈን። የሕንፃው ጥበቃ መጣ።

"እዚህ መነገድ ክልክል ነው።"

"አንነግድም" አለችው ባለቤቴ።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ላፕቶፕ?"

"የግላችን ነው።"

ጠጋ ብሎ የልጄን በጥፍሩ ኳ አደረገው፤ እኛን አየ፣ መልሶ እንጨቱን አየ። "ቻርጅ ስታደርጉት ተጠንቀቁ" ብሎን ሄደ። እስከ ዛሬ ቀልዶ ይሁን አምኖ አላወቅንም።

ሚጢጢ የተፋፋቀውን ይዛ ወጣች። ባዶውን ፖስታ ለባለቤቴ መለሰችላት።

"ይሄ ከአራቱ አንዱንም አይመስልም" አለ ልጄ።

"ጥጉ ተልጧል" አለች ባለቤቴ።

"እስቲ ስጪኝ ልሸከመው" አለችና እታለም ተቀብላ መዘነችው። ወገቤን ሳትል መለሰችላት።

"ውስጡ ደህና ነው" አለች ሚጢጢ። "ቁልፉም ለስላሳ ነው።"

ሰኞ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ አንድ ቀጭን ሰውዬ ላፕቶፑን ተቀብሎ ከፈተና ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሰውየው ጠበቀ፣ እሷም ጠበቀች፣ እኔ በሩ አጠገብ ግንድ ሆኜ ቀረሁ። አንድ ነገር ውስጡ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ተነፈሰ፣ ከዚያ በራ። ሰውየው የራሳቸውን ፕሮግራም ጫነበት፣ ድምፅ አሰምቶ አስጻፋት፣ ሰዓቱን አየ። ፕላስተሩንም አየ።

"ጣትሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ልምምድ ነው" አለችው።

ወረቀት አውጥቶ "እዚህ ጋ ፈርሚ" አላት።

ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ማዳመጫዋን ሰካችና ጀመረች። ልጄ ከሥራ ቀርቶ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀድሞ መጥቷል። እኔ፣ እሱ፣ ባለቤቴ፣ እታለም በሩ ላይ ተደራርበን ቆምን።

"ማነው የሚያወራው? ምን ይላል?" አለ ልጄ።

ሚጢጢ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ነቀለች። አልተቆጣችም። "ሥራ ላይ ነኝ" አለች፣ መልሳ ሰካችው።

"ሥራ ላይ ናት" አለችን እታለም፣ እኛ እንዳልሰማን።

በሩን ገርበብ አድርገን ወጣንና ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። በመስኮቱ በኩል ቁልፉ ይሰማል፤ ከእንጨቱ ይልቅ ቀለል ያለ፣ ፈጣን ድምፅ ነው፣ አንዳንዴ ቆም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ማናችንም ቃል አልተነፈስንም።

"ቀስ ብላችሁ አውሩ" አለች ባለቤቴ።