የግማሽ ዳቦ ዕርቅ

«ቅዳሜ የፀጉር ሳሎኔን ስንመርቅ መሞቷን ታውቂ ነበር?» አለች የኔነሽ።

ማናህሎሽ ትሪውን ይዛ ወደሚቀጥለው ለቅሶተኛ ዞረች። ሻይ እያደለች ነበር።

ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር፣ የኔነሽ ቤት ለቅሶ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጓደኛቸው ሒሩት የተቀበረችው ግን አዲስ አበባ ነው፤ ያውም ከአሥር ቀን በፊት። መርዶው ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ከቸርቹ ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ማናህሎሽ ከኋላቸው ቆማ ነበር፤ ዓይኗ አብጦ፣ እንባዋ አልቆ። አዲስ ኀዘን እንዲህ አይደለም። የኔነሽ ያኔውኑ ጠርጥራ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስታብሰለስል ቆየች።

ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«የሞተችው እህቷ ናት እንዴ?»

«የምን እህት! ግቢ አንድ ዶርም የነበሩ ናቸው አሉ።»

«ለዶርም ጓደኛ ሦስት ቀን?»

እነሱ ምን ያውቃሉ! አራት ዓመት በአንድ ጠባብ ክፍል፤ ሦስት ሴት፣ አንድ ሎከር፣ አንድ የክት ጫማ። ጫማው ቀድማ የነቃችው ነበር። አንዷ ካኮረፈች ዕርቁ የታወቀ ነው፤ ሲበርድላት ከቁርስ ዳቦዋ ግማሹን ቆርሳ የተኮራረፈቻት ልጅ ትራስ ላይ ታስቀምጣለች። ንግግር የለም። የካፌው ዳቦ ድርቅ ያለ ስለነበር ዕርቁም ያለ ውኃ አይወርድም። ሥርዓቱን ያወጣችው ሒሩት ናት፤ ቶሎ የምታኮርፈውም እሷው።

አራተኛ ዓመት ላይ የማናህሎሽ አባት ሞቱ። «ፈተናዋን ትጨርስ» ተባለና የኔነሽና ሒሩት አሥራ ሁለት ቀን ደበቋት፤ አብረዋት እየበሉ፣ አብረዋት እየሳቁ። በመጨረሻው ቀን፣ ክሊራንስ ጨርሰው፣ ፍራሽና ቁልፍ አስረክበው ሊለያዩ ሲሉ፣ ማናህሎሽ ባዶው የብረት አልጋ ላይ ቁጭ ብላ «ከእንግዲህ በመካከላችን ሞት አይደበቅም» አለች። «ብደብቅ ዓይኔን ግንባር ያድርገው በሉ!» አሉ። ሦስቱም ተላቅሰው ተለያዩ።

ያቺው ያስማለቻቸው ማናህሎሽ ናት እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት፣ ሳሎኑ ሲመረቅ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ «ሒሩት ድምፅ ልካልሻለች!» ያለችው።

«የኔዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ! የመጀመሪያዋ ደንበኛሽ እኔ ነኝ፤ ጁባ ድረስ መጥቼ ነው ፀጉሬን የምሠራው!»

ሰው አጨበጨበ። የኔነሽ ደስ ብሏት ወደ ሒሩት ስልክ ወዲያው መልስ ላከች። «አንቺ ኩራተኛ! በሰው ስልክ ትልኪብኛለሽ? ራስሽ እስክትደውዪ አኩርፌሻለሁ!»

ሒሩት ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር።

«አውቅ ነበር» አለች ማናህሎሽ ትሪውን አስቀምጣ። «ድምፁን ሆስፒታል ተኝታ ነው የቀዳችው። ‹ሳሎኗ ሳይከፈት እንዳትነግሪያት፤ ጥላው ትመጣለች› ብላ ለመነችኝ።»

«ልመጣ ነበራ! ጥዬው ልመጣ ነበር! ስንብቷን ነሳችሁኝ፤ እሷም አንቺም ከዳችሁኝ። አንቺ ደግሞ ሬሳ መሆኗን እያወቅሽ በድምፅዋ አስጨፈርሽኝ።»

«ያኔ ለምን እንደደበቃችሁኝ የገባኝ አሁን ነው፣ የኔ። ልንገራት እያልኩ በየቀኑ አፌ ይተሳሰራል።»

«እኔ ግን አልገባኝም» አለች የኔነሽ። ገብቷታል። መግባቱ ግን ንዴቷን አልቀነሰላትም፤ እንዲያውም አባሰው።

ጎረቤቷ ዓሊማ ሱቋን ዘግታ፣ ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዛ ገባች።

«ማሌሽ፣ አይዞሽ እህቴ። አላህ ያጽናሽ። እህል አልቀመሰችም አሉኝ፤ በሞቴ እቺን ቅመሺ።»

የኔነሽ ዳቦውን ተቀብላ ለሁለት ቆረሰችው። ማናህሎሽ ሥርዓቱን ታውቃለችና እጇን ዘረጋች። የኔነሽ ግን አልፋት ሄደች። የሒሩት ፎቶ ወንበር ላይ፣ ትራስ ተደግፎ ቆሟል። ግማሹን ዳቦ ትራሱ ላይ አስቀምጣ፣ ምንም ሳትናገር ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

የቀራትን ወደ አፏ ስትወስድ የማናህሎሽ እጅ እንደተዘረጋ ነበር። የኔነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ዳቦውን ግን እንደገና ቆረሰችው።