የካንዋ አጥሚት

«ይህ ውሃ ከየት ተመልሶ መጣ?» አለች ዶክተር ላሚ፣ አውራ ጣቷን ከአራሷ ቅልጥም ላይ እያነሳች። ጣቷ ያረፈበት ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ።

ካንዴ የአራሷ የዙላይ እናት ናት። የልጅ ልጇን ታቅፋ ከአልጋው ግርጌ ቆማ የዙላይን እግር ታያለች። ባለፈው ከዚህ ሆስፒታል ይዛት ስትወጣ ቀጥኖ ነበር። አሁን ቁርጭምጭሚቱ ጠፍቶ ከጉልበት እስከ ተረከዝ አንድ ወጥ ሆኗል። ልጅቷ ጋደም ካለች ትንፋሽ ስለሚያጥራት ግድግዳ ተደግፋ ታድራለች።

«ጨው ከልክለናችሁ አልነበረም?»

«ከልክለውናል። ምግቧን የማበስለው እኔ ነኝ። ከዚህ ከሄድን ወዲህ ጨው በአፏ አልዞረም፣ አላህ ያውቃል።»

«ታዲያ ምን ትበላለች? ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ።»

«ጠዋት የካንዋ አጥሚት። ቀትር ላይ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ። ማታ ያንኑ የካንዋ አጥሚት። አራስ አይደለች?»

ዶክተር ላሚ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የዚህ አገር ልጅ ሆኜ ይህን ባለፈው ሳልጠይቅዎ መቅረቴ፤» አለች በቀስታ። «እናቴ፣ ካንዋ እኮ ጨው ነው።»

ካንዴ የምታውቀው ጨው ሌላ ነው። ጨው ነጭ ነው፣ በከረጢት ይሸጣል። ካንዋ ደግሞ ከሐይቅ ዳር በመኪና ተጭኖ ይመጣና እንደ ድንጋይ እየተፈለጠ ይሸጣል። ባቄላ ያበስላል፣ ከብት ይልሰዋል፣ የአራስ ወተት ያወርዳል፣ ብርድ ያስወጣል። ይህን ሁሉ ስታውቅ ጨው ነው ያላት ሰው አልነበረም።

በመንደሩ ሴቶች የፊደል ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ መማር ከጀመረች ወዲህ ያልገባትን ነገር ገባኝ ማለት ትታለች። ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው።

«እሺ፣ ጨው ይሁን። ጨውስ ልብን ምን ያደርገዋል? ያስረዱኝ። ቤት ስገባ የሚጠይቀኝ ሰው አለ።»

ዶክተሯ ወንበር ሳበችላት። «ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ቤቶች የተሠራ ነው፤ ሕዋስ እንላቸዋለን። ጨው ሳይጠራ ወደነዚህ ቤቶች ይገባል። በየግድግዳው ላይ ታዲያ ጨው የሚያስወጡ ሠራተኞች አሉ። በነፃ አይሠሩም። የበላነው ምግብ እዚያው ሕዋሱ ውስጥ ጉልበት ይሆንና ሠራተኛው አንድ ጉርሻ ጉልበት ይቀበላል። ሲጎርስ ቅርጹ ይለወጣል፤ ወደ ውስጥ የነበረው አፉ ወደ ውጭ ይዞራል። ያዘለውን ጨው ይጥላል፣ ከውጭ ሌላ ማዕድን ይዞ ይመለሳል። እንደገና ይጎርሳል፣ እንደገና ይዞራል።»

«መቼ ያርፋል?»

«ስንሞት።»

ካንዴ የዙላይን ደረት አየች። የሌሊት ቀሚሷ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ጨው በበዛ ቁጥር ሰውነት ውሃ ይይዛል። ያንን ሁሉ ውሃ መግፋት ያለበት ልብ ነው፣ የእሷ ልብ ደግሞ ደክሟል። አራስ የምትተኛበት መደብ ሥር የሚነደው እሳትና የምትታጠብበት የፈላ ውሃም ልቧን ያስሮጡታል። ይህቺ ትንሽ ክኒን ከቅጠል የተገኘች ናት። ልብ ውስጥ ያሉትን እነዚያን ሠራተኞች ትንሽ ታዘገያቸዋለች።»

«ካዘገየቻቸው ጨው ይከማች የለም እንዴ?»

ዶክተር ላሚ ቀና ብላ አየቻት። «ጥቂት ይከማቻል። ያ ጥቂቱ ሌላ ማዕድን ልብ ውስጥ ያስቀራል፣ ልብም በርትቶ ይመታል። ክኒኗ ከልኳ ካለፈች ግን ልብ ያቆማል። መድኃኒቷና መርዟ ጎረቤት ናቸው።»

«ልቧን ከመጀመሪያው ያደከመውስ ምንድን ነው?»

«እሱን እኛም ገና በሙሉ አናውቀውም።»

ዙላይ የእግሯ እብጠት እስኪጎድል ሆስፒታል ሰነበተች። ወደ መንደር ሲመለሱ ጓጎ ዴሉ የአራስ ቤቱን ደጃፍ ጠርገው፣ የኒም ቅጠል በትልቁ ድስት ቀቅለው፣ የጭቃውን መደብ ከሥሩ በእሳት አሙቀው ጠበቁ። ጓጎ የካንዴ ሟች ባል ታላቅ እህት ናቸው። በዚያ ግቢ ውስጥ ያላረሷት ሴት የለችም፤ ካንዴም ብትሆን በእጃቸው ነው ከአራስ ቤት የወጣችው። በአገሩ ልማድ እናት ለበኩር ልጇ ፍቅር ማሳየት ነውር ስለሆነ ዙላይን ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

ካንዴ የዶክተሯን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ጓጎ የኮላ ፍሬ እያኘኩ አዳመጡ።

«ለመሆኑ ዶክተር ተብዬዋ ስንት ወልዳለች?»

«አልወለደችም።»

«ያልወለደች አራስ ታርስልን እንግዲህ። ሦስት ፊደል ቆጥረሽ ትዳኚኝ ጀመር? አንቺን በምን ያረስኩሽ ይመስልሻል፣ በስኳር?»

«እኔ ልቤ አልደከመም ነበር፣ ጓጎ።»

«ብርድ ነው። ብርድ ሲገባ እግር ያብጣል። እሳት ያልሞቀች አራስ አይቼ አላውቅም፤ በስተርጅናም አላይም።»

ካንዴ ተነሳች። እንጨቱን ከመደቡ ሥር ጎትታ አወጣች፣ የካንዋውንም ፍላጭ ለጎረቤት ከብቶች ሰጠች። ጓጎ ያን ቀን ምግብ አልበሉም።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከአራስ ቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። ዙላይ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ ግንባሯ በላብ ርሶ፣ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች። ካንዴ ቅሉን ተቀብላ ቀመሰችው። ምላሷን ያዛት። ዕድሜ ልኳን የቀመሰችው ካንዋ ነው።

«ነግሬሽ አልነበረም?»

«ነግረሽኛል፣ እማ።» ዙላይ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ጓጎ አጠገቤ ቆመው ነው የሚያጠጡኝ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ በየትኛው አፌ እምቢ ልበላቸው?»

ካንዴ ጎንበስ ብላ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ጫነችው። ጎደጎደ።

እውነቷን ነው፤ በዚህ ግቢ ጓጎን እምቢ የሚል አፍ የለም። ካንዴ ትምህርቱን ብትተው፣ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ብትቀመጥ እንኳ ውሃ ልትቀዳ መሄዷ፣ ልትሰግድ መቆሟ አይቀርም። ይህን እያሰበች ሳለ የሳሚኑን ሰላምታ ከግቢው በር ላይ ካለው መግቢያ ቤት ሰማች። ሳሚኑ የዙላይ ባል ነው። ከተማ ልብስ ይሰፋል፤ ቤቱ ከሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። አማትና አማች ፊት ለፊት መነጋገራቸው ነውር ስለሆነ እሱ ሲመጣ ካንዴ ፊቷን ከልላ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ የሚባባሉት ነገር ቢኖር በጓጎ በኩል ነው። አሁን ግን ሻሿን አስተካክላ ወደ መግቢያው ቤት ወጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ሳሚኑ ደንግጦ ቁጢጥ አለ፣ ዓይኑንም መሬት ላይ ተከለ።

«ሳሚኑ።» ስሙን ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አቤት፣ እማማ።»

«ሚስትህን ዛሬውኑ ውሰዳት።»

«አርባዋ ሳይሞላ? ሰው ምን ይላል?»

«እናቷ አባረረቻት ይበል።»

«እናቷ ቤት ያልታረሰችን ማን ያርሳታል?»

«እህትህ አለችልህ። አጥሚቱ ካንዋ አይንካው፣ ጨውም። ገላዋን ለብ ባለ ውሃ። ክኒኑን በልኩ እንጂ ረሳሁ ብላ እንዳትደርብ። ካስመለሳት ወይ ብርሃን ቢጫ ቢጫ ካላት ክኒኑ በዝቷልና እኔን አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ውሰዷት። ደግመህ ንገረኝ።»

ዓይኑን ሳያነሳ ደገመላት። ቀጥሎም «እርስዎም ይምጡ፣» አለ። «እህቴ ዘንድ ክፍል አለ። የእኔ ቤት ስላልሆነ ነውር የለውም። እርስዎ ሲኖሩ ደስ ይላታል።»

ካንዴ እሺ ለማለት አልዘገየችም። ሳሚኑ መኪና ሊከራይ ሲወጣ የዙላይን ልብስ ሰበሰበች፣ ክኒኖቹን በላስቲክ ጠቀለለች፣ የራሷንም ሁለት ቀሚስና ደብተር በአንድ ጨርቅ ቋጠረች።

ጓጎ ዴሉ የሚሆነውን ሁሉ ከአራስ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ያያሉ። ካንዴ ይቆጣሉ፣ ይረግማሉ ብላ ስትጠብቅ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ካንዴ ቋጠሮዋን ይዛ በአጠገባቸው ስታልፍ ነው የተናገሩት።

«የታሌም እግር እንዲህ ነበር።»

ካንዴ ቆመች። ታሌ የጓጎ አንድያ ልጅ ነበረች። በወለደች በወሩ የሞተችው ካንዴ ወደዚህ ግቢ ከመምጣቷ በፊት ነው። ብርድ ገደላት ይባላል።

«ስጫነው ይጎደጉድ ነበር፤» አሉ ጓጎ። «መተኛት አቃታት። ብርድ ነው ብዬ እሳቱን ጨመርኩ። አጥሚቱንም አጠነከርኩላት። አልፈልግም ስትል አፏን በእጄ ይዤ አጠጣኋት።» መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «ያቺ ዶክተር ስለዚህ ምን አለች?»

«ታሌን አታውቃት፣ ጓጎ።»

«ስለዙላይ ያለችውን ንገሪኝ። ሳትቆርጪ።»

ካንዴ ቋጠሮዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። «ልቧን መጀመሪያ ያደከመውን እኛም በሙሉ አናውቀውም አለች። ከደከመ በኋላ ግን ካንዋውና እሳቱ ያስጨንቁታል ብላለች።»

«እንግዲያስ አስጨንቄያታለሁ።»

 ጓጎ ያለ ድምፅ አለቀሱ። ከግቢው ውጭ መኪናው ጥሩንባውን ነፋ። ዙላይ ሕፃኑን ይዛ፣ እየቆመች እያረፈች ወጣች። ጓጎን ጎንበስ ብላ ተሰናበተቻቸው፤ እሳቸው ራሷን ዳሰሱና እጃቸውን ቶሎ መለሱት።

«እማ፣ አትነሺም?»

ካንዴ ልጇን አየች፤ ከንፈሯን፣ አንገቷ ላይ የሚዘለውን የደም ሥር። እዚያ ሌሊት ሌሊት ማን ቁጭ ብሎ ትንፋሿን ያዳምጣል? ከዚያ አጠገቧ ያሉትን አሮጊት አየች። ጉልበቷ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈታች፣ ክኒኖቹን አውጥታ ለዙላይ ሰጠቻት።

«ሂጂ፤» አለቻት። «ባልሽ ሁሉንም ያውቃል። እኔ ጓጎን ዛሬ ብቻቸውን አልተዋቸውም።»

ዙላይ ከባሏና ከልጇ ጋር ወደ ከተማ ሄደች። ካንዴ ከጓጎ ዴሉ ጋር ቀረች።